የነጎድጓዱ ግራ እጅ

ጥቅምት 4

ለጋሼ፣

ከሰላምታው በፊት ይቅርታውን ላስቀድም። መዘግየቴን አውቃለሁ፤ የዘገየ ሰው ሲያዩ ምን እንደሚሉም አልረሳሁም። ግን ስልካችሁን ምን ነካው? ስደውል ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። አንድ ቀን እትዬ አንስታው «መስመሩ ይቆራረጣል፣ በደብዳቤ ይሻላል» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እኔ እኮ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር!

በሐምሌው ደብዳቤዎ «ስምሽ መቼ ነው ከላይ የሚወጣው?» ብለው ለጠየቁኝ፣ እነሆ ወጣ። ያኔ ስጀምር ሰንጠረዥ ስሞላ ነበር የምውለው፤ የወርቅ መክፈቻ ዋጋ፣ የፕላቲነም መዝጊያ ዋጋ፣ ዓይኔ እስኪፈዝ። ቀጥሎ ሌሎች የጻፉትን ትንታኔ አራሚ ሆንኩ። አሁን ወርቅ የሚያወጡ ኩባንያዎችን አክሲዮን የምከታተለው እኔ ነኝ። ትንታኔው ሲወጣ ስሜ ከነማዕረጉ ከላይ ይቀመጣል፤ «የገበያ ተንታኝ» ይላል። እትዬ ለጎረቤት ሁሉ ሳታሰማ እንደማትቀር አውቃለሁ።

ቅጂ ያልላክሁልዎት ግን በምክንያት ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ትንታኔዬ ላይ ተቀርቅሬያለሁ። አክሲዮኑ ሰማይ የነካ አንድ ወርቅ አውጪ ኩባንያ አለ። ቁፋሮው ቦታ ድረስ ሄጄ አየሁት። ሪፖርታቸው መኪኖቻችን ያለ እረፍት ይሠራሉ ይላል፤ እኔ ያየኋቸው መኪኖች ጎማቸው ሥር ሣር በቅሏል። አስጎብኚው «ለጥገና ነው የቆሙት» አለኝ። ምን ዓይነት ጥገና ነው ሣር እስኪያበቅል የሚያስጠብቀው? ተመልሼ የሚያወጡትን ድንጋይና አገኘን የሚሉትን ወርቅ ደጋግሜ አሰላሁት። አልገናኝ አለኝ። ስለዚህ «ሽጡ» ብዬ ጻፍኩ።

በእኛ ድርጅት ተንታኝ በመጨረሻ ከሦስት ቃል አንዱን ነው የሚናገረው፤ ግዙ፣ ያላችሁን ያዙ ወይም ሽጡ። የክፍሉ ኃላፊ አንብቦ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ «ያዙ ብትዪው ምን ይልሻል?» አለኝ። ኋላ ስሰማ ድርጅታችን የዚሁ ኩባንያ አዲስ አክሲዮን ሻጭ ለመሆን እየተደራደረ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስብሰባ አለ፤ እዚያ ቆሜ ቃሌን መስጠት አለብኝ። ያዙ ካልኩ የምክትል ኃላፊው ወንበር የእኔ ነው። ሽጡ ካልኩ የምቀመጥበት ወንበር መኖሩንም እንጃ።

ጋሼ፣ ምን ልበል? እርስዎ በግብይት አዳራሹ ዕድሜዎን ሙሉ ወርቅ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ፣ በድምፅዎ «ነጎድጓድ» የተባሉ ሰው ነዎት። አንድ ቃል ይበቃኛል። እንደለመደብዎ ቢሰድቡኝም ግድ የለኝም፤ ብቻ ከስብሰባው በፊት ይድረሰኝ።

ጥያቄ፣ አሳድገው ይህን ስም ያወጡላት


ጥቅምት 13

የኔ ጥያቄ፣

ደብዳቤሽ የገባ ቀን ቤቱ ሰው የመጣበት መሰለ። እኛ ደህና ነን። ጋሼሽም ደህና ነው። እጁን ትንሽ ስለሚያመው እሱ እየነገረኝ እኔ ነኝ የምጽፈው፤ ጽሕፈቱ የእኔ ሆኖ ብታዪው እንዳትደነግጪ። የስልኩን ሽቦ አይጥ ሳይበላው አልቀረም፤ ሠራተኛ ይመጣል ተብሎ እየጠበቅን ነው። እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ ተቀብዬ ወገቤ ተቆርጧል፤ ያው እንደምታውቂው ሁሉም ለነገ ይድረስልኝ ነው።

ለጠየቅሽው ነገር ጋሼሽ እንዲህ ይልሻል፦ «አይዞሽ ልጄ፣ ምንም አትጨነቂ። አለቃሽ ትልቅ ሰው ነው፣ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው። ዋናው ጤና ነው። ምሳሽን በሰዓቱ ብዪ፣ ሲበርድ ደረብ አድርጊ።» ስለ ወርቁም ጠይቄው «ወርቅ ጥሩ ነገር ነው» ብሏል።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ብዙ አትድከሚ።

እትዬሽ


ጥቅምት 22

እትዬ፣

ሞኝሽን ፈልጊ!

ጋሼ በሕይወታቸው «አይዞሽ» ብለውኝ አያውቁም። ከብስክሌት ወድቄ ግንባሬ የተሰነጠቀ ቀን እንኳ «አስፋልቱን ጎዳሽው?» ነው ያሉኝ። ስለ ወርቅ የጠየቃቸውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሉት «በስንት?» ነው፤ «ጥሩ ነገር ነው» የሚል ሰው ቢያገኙ ከአዳራሹ ያስወጡት ነበር። «ምሳሽን በሰዓቱ ብዪ» ደግሞ የማን ቃል እንደሆነ እኔና አንቺ እናውቃለን። በስንት ደብዳቤ ስታነቢኝ ኖረሻል፣ አንቺንስ እኔ የማላነብሽ መሰለሽ?

ምን ሆነዋል? ቢሮ ውስጥ ቁጥር እያየሁ ቁጥሩ አይታየኝም። አሉ ወይስ የሉም? የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፊልኝ፣ ሰላምታሽ ይቆየኝ። መልስሽ ካልደረሰኝ ስብሰባውንም ሥራውንም ጥዬ መኪና ላይ እወጣለሁ። ስለ ስልኩ አይጥም ሌላ ጊዜ እናወራለን።

ጥያቄ


ኅዳር 1

አለ። አለልሽ ልጄ፣ አለ። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይቆጣል።

አሁን ልንገርሽ። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ ቃልም ጠፋበት። ሐኪሟ «ሐሳቡ አለ፤ መናገርና መጻፍ ነው የከበደው» አለችኝ። ያ ሁሉ ድምፅ፣ ሰፈሩን የሚያንቀጠቅጠው፣ አሁን «እእ» ብቻ ነው። ስልኩን ያላነሳሁት «ጋሼን አገናኚኝ» ትያለሽ ብዬ ነው። አይጡን ከራሴ ነው ያመጣሁት። ለዚህ ሥራ ስንት ዓመት እንደለፋሽ አውቃለሁ፤ በእኛ ምክንያት ጥለሽው ብትመጪ እሱም እኔም አንድንም። ይቅር በይኝ።

የከፋኝ ግን ሌላ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩትም። ግራ እጁ ደህና ነው። በዚያ በደህናው እጁ ያባርረኛል። ሾርባ ይዤ ስገባ መዳፉን ወደ እኔ ገትሮ ይይዘዋል፣ ሂጂልኝ እንደማለት። እኔም «እሺ፣ እሺ» እያልኩ እጁን ቀስ ብዬ አወርድለታለሁ። መልሶ ያነሳዋል። አወርድለታለሁ። እየተንቀጠቀጠ እንኳ ያነሳዋል። መጨረሻ ላይ ተናዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንዳንዴ ጣቱን አገጩ ላይ ያደርጋል፤ ጢሙ አሳክኮት ነው ብዬ ላጨሁት፣ ጭራሽ ባሰበት። አንዳንዴ ደግሞ ጡጫውን ደረቱ ላይ ይለጥፋል። ሐኪሟ ብስጭት ነው፣ የሕመሙ ጠባይ ነው ትላለች።

የአንቺንም ደብዳቤ አንብቤለት ነበር። «ምን ልበል?» የምትዪው ጋ ስደርስ መዳፉን ደቀነብኝ። መስማት አልፈለገም ብዬ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ መልሱንም ከሆዴ ጻፍኩልሽ። ከዚያ ወዲህ ዞሮ አላየኝም። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ አሁን የጠላኝ ይመስለኛል። ዩኒፎርም ስሰፋ እንባዬ ጨርቁ ላይ ይወርዳል፣ ለልጆቹ ልብስ ደግሞ ጥሩ አይደለም።

አትምጪ። ስብሰባሽን ጨርሺ።

እትዬሽ


ኅዳር 8

እትዬ! እትዬ! ቁጭ ብለሽ አንብቢ!

ጋሼ አልጠሉሽም። ጋሼ ሥራ ላይ ናቸው!

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዳራሹ ሰገነት ላይ አስቀምጠውኝ ሲውሉ ትዝ ይልሻል? እዚያ ውስጥ ጩኸቱ እንዲህ በዋዛ አልነበረም፤ ሁሉም ባንዴ ስለሚጮህ የነጎድጓድም ድምፅ እንኳ አይለይም። ስለዚህ የሚገበያዩት በእጅ ነበር። ለእኔም አስተማሩኝ። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽን ስትሰፊ፣ እኔና እሳቸው ከኋላሽ የእራቱን ዳቦ በምልክት እንሻሻጥ ነበር። አንድም ቀን ዞረሽ አላየሽንም፤ እኔም ሚስጥራችን ብዬ ያዝኩት።

መዳፍ ወደ ራስ ሲዞር እገዛለሁ፣ እፈልጋለሁ ነው። መዳፍ ወደ ውጭ ሲዞር እሸጣለሁ፣ ከእኔ ይውጣ ነው። አገጭ ላይ የሚያርፉት ጣቶች ብዛቱ ስንት እንደሆነ ይናገራሉ። ጡጫ ደረት ላይ ደግሞ «በተገኘው ዋጋ» ማለት ነው፤ ብቻ ይሁን፣ ዋጋ አልጠይቅም። እትዬ፣ ሾርባውን እየሸጡት ነው እንጂ አንቺን አላባረሩሽም። ጨው አብዝተሽበት ይሆናል። ጢማቸውን ግን በከንቱ ነው የላጨሽው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ልብ አድርጊ። በአዳራሹ ሕግ ምልክት የሰጠ ሰው ተቀባዩ ያንኑ ምልክት መልሶ እስኪያሳየው ድረስ እጁን አያወርድም። ካወረደ ቃሉን አጠፈ ማለት ነው፤ ጋሼ ደግሞ ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም። ከነሐሴ ጀምሮ እጃቸውን አንስተው የሚመልስላቸው ሰው እየጠበቁ ነው። አንቺ ደግሞ ታወርጂባቸዋለሽ። ለመውቀስ አይደለም፣ ከየት ታውቂዋለሽ! ብቻ ይህን ስጽፍ አለቀስኩ፤ ባልደረቦቼ የወርቅ ዋጋ የወረደ መስሏቸው ስክሪናቸውን አዩ።

ፊት ለፊታቸው ተቀመጪ። ያሳዩሽን መልሰሽ አሳዪያቸው። ከዚያ የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን እንደገና አንብቢላቸው። «ምን ልበል?» ስትዪ ያወጡት መዳፍ ለአንቺ ነበር ወይስ ለእኔ? እሱን ማወቅ አለብኝ። ኃላፊው በየቀኑ ጠረጴዛዬ አጠገብ እየቆመ «ወሰንሽ?» ይለኛል።

ጥያቄ


ኅዳር 15

የኔ ልጅ፣

ከምኑ ልጀምርልሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ወጥ ቤት ገባሁና ከመስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ፣ እንዳላበላሸው። ከዚያ ሾርባውን ይዤ ገባሁ። መዳፉን አወጣ። ሳህኑን አስቀመጥኩና እኔም መዳፌን አወጣሁለት። አየኝ። እጄን አየ፣ ፊቴን አየ። ቀስ ብሎ እጁን አወረደ፤ በራሱ፣ እኔ ሳልነካው። እንባው ዱብ ዱብ አለ። እኔማ ተይኝ፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ሾርባውን በኋላ ቀመስኩት፤ እውነትም ጨው በዝቶበታል።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ገበያ ሆነልሽ። ትራሱን ሸጠልኝ፣ ትራሱ ጎርብጦት ኖሮ! መስኮቱን ገዛ፣ ከፈትኩለት። ሻይ ሲጠጣ አገጩ ላይ ሁለት ጣት ያደርጋል፤ ስኳሩ ነው። እኔ አንድ ጣት እመልሳለሁ፣ ሐኪሟ ከልክላለቻ። እሱ ሁለት ይላል፣ እኔ አንድ እላለሁ፤ እንዲህ ስንጨቃጨቅ ላየን ሰው ሁለታችንም የታመምን ነው የምንመስለው። ልታናግረው የምትመጣው የንግግር አስተማሪ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሷም ምልክቱን ተማረችና ከእያንዳንዱ ምልክት ጋር ቃሉን ታስደግመዋለች። ትናንት «ስ... ስ...» ብሎ ብዙ ታገለና «ስኳር» አለ። ሁለቱንም ሰጠሁት፣ ለሐኪሟ እንዳትነግሪ።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ደብዳቤሽን ከነሣሩ ከነመኪናው አነበብኩለት። ሣሩ ጋ ስደርስ በአፍንጫው ሳቀ። «ምን ልበል?» የሚለው ጋ ስደርስ መዳፉን ወደ ውጭ አወጣ፣ ቀጥ አድርጎ። ከዚያ ጡጫውን ደረቱ ላይ አደረገ። ሽጪ፣ በተገኘው ዋጋ። ያን ቀንም ይህንኑ ነበር ያለሽ፤ እኔ ነኝ መልስሽን ኪሴ ውስጥ ያሳደርኩብሽ። በአንቺ ስም መለስኩለትና እጁን አወረደ።

እኔ ግን ፈራሁልሽ፣ አልደብቅሽም። እሱ ዋጋ አይጠይቅ፣ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ለማንኛውም ስለ ምሳሽ የጻፍኩልሽን አልሰርዝም።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 2

ለሁለታችሁም፣

እትዬ፣ «ምን ለበስሽ፣ ምን አሉሽ፣ ማን ምን አለ» ብለሽ ለምትደረድሪው ሁሉ ስመጣ በአፌ እመልስልሻለሁ። ዋናውን ብቻ እነሆ።

ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም ተቀምጧል። ተራዬ ሲደርስ ኃላፊው ቀደመኝና ለሁሉም ፈገግ እያለ «እንግዲህ ያዙ ነው፣ አይደል?» አለ። ተነሳሁ። ጋሼ፣ ቃል አልወጣ ሲል ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ትንሽ ቀመስኩት። ቃሉ እዚህ ምላሴ ላይ አለ፣ አይወጣም። እጄ ግን ወጣ። መዳፌን ወደ ውጭ አዙሬ ያዝኩት። አንዷ ባልደረባዬ ጥያቄ ያለኝ መስሏት «እድል ስጧት» አለች። ኃላፊው «ምን ሆነሽ ነው? ተቀመጪ» አለኝ። አልተቀመጥኩም፤ አላወረድኩምም። በሌላው እጄ ክርኔን ደገፍኩት።

ከጠረጴዛው ጫፍ የአክሲዮን ሻጮቻችን አለቃ ተቀምጧል፤ ጡረታው የደረሰ ሸበቶ፣ ሰላምታ ከመለዋወጥ ያለፈ አውርተን አናውቅም። ቀና ብሎ አየኝ። ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነሳና እሱም መዳፉን አወጣ። «ሽጡ ነው የምትላችሁ» አላቸው። ከዚያ ለእኔ «ማነው ያስተማረሽ?» አለኝ። «ጋሼ» አልኩ፤ ቃሉ ወጣ! ያ ቃል ከወጣ በኋላ ሌላውም ተከተለ። ሣሩን ነገርኳቸው፣ ስሌቱን ነገርኳቸው፣ ማንም አላቋረጠኝም።

ትንታኔው «ሽጡ» እንዳለ ወጥቷል፤ ስሜም ከላይ አለ። ቅጂውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ዋጋውን በተመለከተ፣ የምክትልነቱን ወንበር ለሌላ ሰጡት። እኔን ከመስኮቱ ዳር አንስተው ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጎን ወሸቁኝ፤ ቀኑን ሙሉ እያጉረመረመ ያሞቀኛል። በተገኘው ዋጋ ብለው የለም ጋሼ? የተገኘው ይሄ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽዎትም። ሁለተኛው ቀን ግን ስልኬ እረፍት አጣ፤ ደንበኞች «ሌሎቹንስ ኩባንያዎች ሄደሽ አይተሻቸዋል?» ይሉኛል። ሸበቶውም ከሱ ጋር እንድሠራ ጠይቆ እየተነጋገሩ ነው። ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ ግን ጠዋት ስነሳ ወደ ሥራ መሄድ ያምረኛል።

የወሩን ትንታኔ አስረክቤ እመጣለሁ። ፈቃዴ ተፈርሟል። ሾርባ እኔ እሠራለሁ።

ጥያቄ


ታኅሣሥ 9

የኔ ጥያቄ፣

መኝታሽን አዘጋጅቻለሁ፤ የትኛው ክፍል ብለሽ አትጠይቂኝ፣ የድሮው ነው። ምን ላምጣ እንዳትዪ፣ ባዶ እጅሽን ነይ።

ደብዳቤሽን አነበብኩለት። ፎቶ ኮፒው ጋ ስደርስ ሳቀ፤ ድምፅ አውጥቶ፣ የድሮ ሳቁን። ጎረቤት ደንግጣ በር አንኳኳች። ስምሽ ከላይ ያለበትን ገጽ አልጋው ፊት ለፊት ለጥፌለታለሁ፤ የመጣውን ሰው ሁሉ በጣቱ እየጠቆመ ያስነብበዋል።

ከዚያ «እመጣለሁ» የሚለው ጋ ደረስኩ። መዳፉን ወደ ራሱ አዞረ። አንድ ጣቱን አገጩ ላይ አደረገ። ከዚያ ጡጫውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። እገዛለሁ፣ አንድ፣ በተገኘው ዋጋ። «ምኑን?» አልኩት። በዓይኑ ግድግዳው ላይ ያለውን የትምህርት ቤት ፎቶሽን አሳየኝና መዳፉን እንደገና አነሳ።

እንደተለመደው በአንቺ ስም መለስኩለት። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፣ እጁን አላወረደም። ደግሜ መለስኩ። እምቢ አለኝ። ክርኑ ሥር ትራስ አደረግኩለት። ማታ እንቅልፍ ሲጥለው ይወርዳል፤ ጠዋት ዓይኑን እንደገለጠ መልሶ ያነሳዋል። አስተማሪዋ «ደከመዎት እኮ፣ ያውርዱት» ስትለው ብዙ ታግሎ «እሷ» አላት።

ቶሎ ነይ ልጄ። ከሌላ ሰው አልቀበልም ብሏል።

እትዬሽ